አካልን ማሠራት ግዴታ ነውን?

ሰው ከነፍስና ከሥጋ የተዋቀረ ፍጡር መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ስለ ነፍሱ ብዙ የሚናገረው ሰው ሥጋውን የሚያስታውሰው ሲታመም ብቻ ነው። አካልን በእንቅስቃሴ ማጠንከርንም ብዙዎቻችን ወይ የስፖርተኞች ሙያ፥ ወይ የሥራ ፈት ጨዋታ አድርገን እንቈጥረዋለን። እንግዲህ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በቤቱና በዕለት ኑሮው ውስጥ አካሉን የማያሠራ ሰው የሚጐዳው ራሱን ብቻ ነውን? ወይስ በሌላው ላይ የሚያደርሰው በደል አለ?

በመጀመሪያ የሚነሣው ተቃውሞ ከሃይማኖት በኩል ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በመጀመሪያው መልእክቱ የሰውነትን ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት ነው ብሎ፥ እግዚአብሔርን ከመምሰል በታች አኑሮታል። ነገር ግን ቦታውን ማሳየቱ እንጂ መናቁ አይደለም። አባቶቻችንም በአምልኳቸው ሥጋን ወደ ጐን አልተዉትም። ክርስቲያኑ በስግደት ይወድቃል ይነሣል፤ ሙስሊሙም በየዕለቱ አምስት ጊዜ ይቆማል፥ ያጐነብሳል፥ ግንባሩን ወደ ምድር ያደርሳል። ጸሎት ስፖርት ነው ማለት ድፍረት ይሆናል። ሆኖም ነፍስ ስትጸልይ ሥጋ ተቀምጦ እንዲመለከት አለመፈቀዱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከኑሮ የሚነሣ ስለ ሆነ የበለጠ ይከብዳል። ድካም ለበዛበት ሕዝብ «አካልህን አሠራ» ማለት ስድብ አይደለምን? በጭሮ፥ በሂርና፥ በበዴሳና በገለምሶ ዙሪያ ያለው አገር ዳገትና ቁልቁለት ነው። ገበሬው በተዳፋቱ ላይ ማሽላውን፥ ቡናውንና ጫቱን ሲኰተኵት ይውላል። እንጨት በጀርባዋ አዝላ ወደ ገበያ የምትወጣ ሴት፥ ውሃ የሞላ ጀሪካን የምትሸከም ልጃገረድ በየመንገዱ ትታያለች። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ይመዝናል። ለእነዚህ ሰዎች የሚያስፈልጋቸው ጂምናስቲክ ሳይሆን ዕረፍት ነው።

ነገር ግን በዚያው አገር ሌላም ዐይነት ሰው ይኖራል። ቀድሞ አሰበ ተፈሪ ትባል የነበረችው ጭሮ፥ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ ያቀኗት ከተማ ናት። ዛሬ የዞን ዋና ከተማ ስለ ሆነች በወንበር ላይ የሚውል ሠራተኛ ሞልቶባታል። ይህ ሰው ጧት በባጃጅ ወደ ቢሮው ይሄዳል፤ እስከ ማታ ተቀምጦ ይጽፋል። በዕረፍት ቀኑም አንዳንዱ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ በበርጫ ላይ ተጋድሞ ያሳልፈዋል። ቤቱ ሲገባ ውሃው ተቀድቶ፥ ልብሱ ታጥቦ፥ እንጨቱ ተፈልጦ ይጠብቀዋል።

መቀመጥ ምን እንደሚያደርስ ሐኪሞች ከመረመሩት ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጄሪ ሞሪስ የተባለው ሐኪም ከጓደኞቹ ጋር በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የለንደንን የአውቶቡስ ሠራተኞች አነጻጸረ። ሾፌሮቹ ተቀምጠው የሚውሉ ሲሆኑ፥ ትኬት ቈራጮቹ ግን ባለ ሁለት ፎቁን አውቶቡስ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ ይውሉ ነበር። የልብ ሕመም ያነሰው በትኬት ቈራጮቹ ላይ ሆኖ ተገኘ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፥ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሯል። ቀድሞ ከ10 ደቂቃ ያነሰው አይቈጠርም ይባል የነበረውም ቀርቷል። ጥቂቱም ይጠቅማል፤ የቤት ሥራም ይቈጠራል።

እንግዲህ ነገሩን አስተውለን ብንመለከተው፥ ሁለቱ ደዌዎች በአንድ ጣራ ሥር ይኖራሉ። ባል ከመቀመጥ ብዛት ሲታመም፥ ሚስት ወይም የቤት ሠራተኛይቱ ከመሸከም ብዛት ወገቧን ታማለች። የአንዱ ዕረፍት የተገዛው በሌላዋ ጀርባ ነው። አካልን ማሠራት የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ድካምንና የሰውነት ማጠንከሪያን የሚለያቸው ልክ ነው፤ በልክ የተሠራ ሥራ ይገነባል፥ ከልክ ያለፈው ያፈርሳል። ለአንዱ የሚያፈርሰው ሸክም ለሁለት ቢከፈል ሁለቱንም ይገነባል።

እዚህ ላይ አንድ ጥርጣሬ መነሣቱ አይቀርም። ውሃ የሚቀዳው ለገዛ ጤናው ብሎ ከሆነ፥ ይህ ምን ዐይነት ቅንነት ነው? ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጤናው ብቻ የሚሸከም ሰው፥ ጤና የተሰማው ቀን ጀሪካኑን ጥሎ ይሄዳልና። ስለዚህ ምስጋና መጠበቅ አይገባውም፤ የሠራው ድርሻውን እንጂ ችሮታ አይደለም። ነገር ግን ልማድ ልብን ያስተምራል። 20 ኪሎ በትከሻው የተሸከመ ሰው፥ የሸክሙን ልክ በወሬ ከሰማው ሰው ይበልጥ ያውቀዋል፤ ያወቀውንም ሸክም በሌላው ላይ ለመጫን ያፍራል።

ግዴታው በጕልበት ብዛት አይለካም። በ1952 ዓ.ም. በሮም፥ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፥ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ከእርሱ የምንማረው የቀረልንን አካል ማሠራትን ነው።

ስለዚህ የቢሮ ሠራተኛ የሆንን ወንድሞቼ፥ ገንዘብና ሰፊ አዳራሽ እስክናገኝ አንጠብቅ። ቢሮው ቅርብ ከሆነ በእግር እንሂድ፤ ከተቀመጥንበት በየጊዜው እንነሣ፤ ከእራት በኋላ ጥቂት እንራመድ። ውሃውን በሁለት ትንንሽ ጀሪካን ከፍለን፥ ከወገብ ሳይሆን ከጕልበት ዝቅ ብለን እናንሣ። እንጨቱን እንፍለጥ፥ ልብሱን እንጠብ፥ ልጁን እንዘል። «ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት በገበያና በደቦ ብቻ የሚሠራ አይደለም፤ መጀመሪያ ሊሠራ የሚገባው በገዛ ቤታችን ውስጥ ነው።