ጠያቂ የማይደርስበት አፋፍ

አትላንታ ውስጥ የሆቴል ክፍል እያጸዳች የምትኖር አንዲት የምናውቃት ሴት፣ ዕቁብ ሲደርሳት ባሏን ይዛ ባሊ ደሴት ሄደች። ኡሉዋቱ በሚባለው አካባቢ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተሠራ ቪላ አረፉ፤ ፎቶውንም ለጠፈች። የመዋኛ ገንዳው ጠርዝ ከባሕሩ ጋር የተጋጠመ ይመስላል። አትላንታ አጠገብ ባለችው ቻምብሊ፣ በቢዩፎርድ ሃይዌይ ግራና ቀኝ ባሉት አፓርትመንቶች የምንኖር ሐበሾች ከዚያ ወዲህ በየቡናው የምንነታረከው በዚህ ነው።

አንደኛው ወገን፣ ሀገር እየነደደ ገደል ላይ መንፈላሰሱ ምን የሚሉት ነው ይላል። ሌላው፣ በላቧ ያገኘችው ነው፣ ማንን ምን አገባው ይላል። በሁለቱም ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። ሐዘን ሳያልቅ ማንም አይረፍ ከተባለ፣ ሐዘን ያለቀበትን ዓመት እኛ አላየንም። የገንዘቡ ባለቤት ማን እንደሆነ መናገርም የተገዛው ነገር ምን እንደሆነ አይነግረንም። እንቅልፍ የነሳኝ ሦስተኛው ነው። በዕድሜ የምናከብራቸው አንድ ጋሼ “መሄዷ ምንም አይደል፤ ነውሩ ማሳየቷ ነው” አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ ክርክሩም በዚያው ቆመ። ለእኔ ግን ነገሩ ተዳፈነ እንጂ አልተፈታም።

ማሳየት በራሱ ነውር ነው እንዳንል ሁላችንም እናሳያለን። የሠርግ ቪዲዮ፣ የምረቃ ካባ፣ የአዲስ መኪና ቁልፍ እንልካለን፤ ሀገር ቤት ያለች እናት ልጇ ሰው መሆኑን የምታረጋግጠው በፎቶ ነው። የማናሳየው የሌሊት ሺፍቱን፣ ያበጠውን እግር፣ የተቆለለውን ቢል ነው። እንግዲህ የጋሼ ፍርድ ሲገለጥ “አድርጊው፣ ግን የቸገረው ዓይን አይይሽ” ማለት ነው። ይሉኝታን አልንቅም። የተራበ ፊት አለመብላት ጨዋነት ነው። ግን በር ዘግቶ የበላ ሰው የተራበውን አላጠገበም፤ ያተረፈው ነገር ቢኖር ራሱ ከተራበው ዓይን መዳኑ ነው። የተዘጋ በር የሚጠብቀው ውስጥ ያለውን ከሆነ፣ መጠየቅ ያለብን ስለ ፎቶው ሳይሆን ስለ በሩ ይመስለኛል።

ገደል አፋፍ ላይ ያለ ማረፊያ ምን ይሸጣል? ጥሩ አልጋና ጥሩ ምግብ ከታችም አለ። ባሕር ዳር አሸዋው ላይ የተቀመጠ ሰው ጋ ሻርፕ ሻጩ ይመጣል፣ ጀልባ አከራዩ ይመጣል፣ ሕፃኑ ይመጣል። እንቢ ይላል፣ ይከራከራል፣ አንዳንዴም ይሰጣል። አፋፍ ላይ ማንም አይመጣም። መግቢያው አንድ ነው፣ ጠባቂ አለው፤ ግራና ቀኙ ግንብ፣ ፊቱ ባሕር ነው። መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ውኃው እንጂ ወደ መንደሩ አይደለም። ኡሉዋቱ ያለበት የባሊ ደቡባዊ ጫፍ፣ ቡኪት የሚሉት፣ ደረቅ የኖራ ድንጋይ ምድር ነው፤ ለነዋሪው ውኃ ለረጅም ዘመን ጭንቅ ሆኖ ኖሯል። ገንዳው ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ይህን የሚያስታውስ አንድም ነገር ከእይታው ውስጥ አይገባም። ገዢው የከፈለው የሚታየውን ለማየት ብቻ ሳይሆን፣ የማይታየው እንዳይታይለትም ጭምር ነው።

ገደል ሰውን ከሰው ለመለየት እንደሚያገለግል ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አምባሰል ውስጥ ያለው ግሸን አምባ በመካከለኛው ዘመን ዙፋን ሊወርሱ የሚችሉ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ነበር። ዘርዐ ያዕቆብም እ.ኤ.አ. በ1434 ከመንገሡ በፊት እዚያ ኖሯል። አምባው የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሸፋች ወደ ልዑሉ እንዳይወጣ፣ ልዑሉም ወደ ሸፋች እንዳይወርድ። በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ወሬውን ጽፎ አውሮፓ አደረሰው። ወሬው ሲዞር ሲዞር አምባው ገነት ሆነ። በ1759 እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ያሳተመው፣ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት የራሴላስ ታሪክ ላይ የኢትዮጵያው ልዑል በተራራ በታጠረ ሸለቆ ውስጥ የሚጎድለው ነገር ሳይኖር ይሰለቻል፤ መውጫም ይፈልጋል። እስር ቤቱ በአንድ ወሬ ጉዞ ወደ ድሎት ቦታ መለወጡ አያስገርመኝም። ሁለቱ የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ በአንዱ ተገዶ፣ በሌላው ከፍሎ ይገባል እንጂ።

ስለዚህ ሁለት ዕረፍት እለያለሁ፤ ከሥራ ማረፍና ከጠያቂ ማረፍ። የመጀመሪያው ላይ ምንም ጭቅጭቅ የለኝም፤ እንዲያውም ወገንተኛ ነኝ። ዓመቱን ሙሉ ሰው የተኛበትን አንሶላ ስትቀይር የኖረች ሴት ለጥቂት ሌሊት አልጋዋ ቢነጠፍላት፣ እኔ እንኳን ልወቅሳት እልል እላለሁ። የሚያስቸግረኝ ሁለተኛው ነው። የእኛ ኑሮ በስልክ የተያዘ ነው። እዚህ ሲመሽ እዚያ ይነጋል፤ የእህት ኪራይ፣ የአጎት መድኃኒት፣ የተፈናቀለ ዘመድ ጤፍ በስልክ ይመጣል። ጠያቂው አላጠፋም፣ ተጠያቂውም አልከበረም፤ ግን ጥሪው አያልቅም። አፋፉ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሸጥለት ትልቁ ነገር ማንም የማይደርስበት ጥቂት ቀን ነው። ሰው ይህን መግዛት ይገባዋልን?

አይገባውም ብዬ ለመጻፍ ነበር የተነሣሁት። ያስቆመኝ አንድ መልስ አለ፤ መናኞችስ? ኡሉዋቱ ላይ እንኳ ገደሉን ከቪላዎቹ አስቀድሞ የያዘው፣ ከባሕሩ 70 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የቆመው የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ ነው። የእኛ አባቶች ደግሞ ደብረ ዳሞን መርጠዋል፤ ዛሬም የሚወጣበት በገመድ ነው። አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው ሲወጡ ከሥር የቀረ እናት፣ ወንድም፣ ባለ ዕዳ አልነበረም? ዋልድባ የገባ መነኩሴ የቤተሰቡን ጥሪ ትቶ ነው የገባው። ከጠያቂ መሸሽ ኃጢአት ከሆነ፣ ቅድስና ብለን ያከበርነው ግማሹ ሽሽት ሊሆንብን ነው።

በመጀመሪያ የሚመጣው መልስ፣ መናኙ ሊያጣ ይሄዳል፣ እንግዳዋ ልታገኝ ትሄዳለች የሚለው ነው። ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ከጥያቄው ጋር አይገናኝም። ለቀረው ዘመድ መነኩሴው ቆሎ መቆርጠሙ ምን ይጠቅመዋል? መናኙ ቢራብም ቢጠግብም ከታች ያለው እጅ ባዶ ነው። እንዲያውም ይቺ ሴት ከመሄዷ በፊት ገንዘብ ልካለች። በዚህ ሚዛን ከመነኩሴው እሷ ትሻላለች።

ሁለተኛው መልስ፣ መናኙ የተዋቸውን በጸሎቱ ያስባቸዋል የሚለው ነው። ይህን ለማያምን ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ ለሚያምን ደግሞ እሷም አፋፉ ላይ ሆና እንዳልጸለየች ማን ነገረን?

ሦስተኛው ጠንከር ይላል፤ ወደ መናኙ መውጣት ይቻላል። በየዓመቱ መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ድሀው ይበዛል፤ በእግሩ ወጥቶ፣ ድንጋይ ላይ አድሮ፣ ስለቱን ሰጥቶ ይወርዳል። ትናንት ልዑላን የተዘጉበት አምባ ዛሬ ለመጣ ሁሉ ይከፈታል። ልቤ እዚህ ላይ ሊያርፍ ነበር። ሆኖም ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣም፤ ገመዱ ለግማሹ ሕዝብ አይወርድም። ገዳማት የቀለብ መሬት በነበራቸው ዘመን ያን መሬት አርሶ የሚያበላ ገበሬ ከሥር ነበር፤ የእሱ ልመና ምን ያህል ይሰማ እንደነበር ስንናገር ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ቅዱሱ ገደልም በር ጠባቂ አለው።

ይህ ሁሉ ከወደቀ በኋላ ስለ እንግዳዋ ልብ መናገር አልቻልኩም። የቀረኝ ስለ ቦታው የሚነሣ አንድ ጥያቄ ነው፤ ጠያቂው መውጫ አለው ወይ? ስሜን ተራሮች ላይ እናየዋለን። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገብቶ በ2017 ወጥቷል። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። በዚያው ዓመት ከደባርቅ ብዙም በማይርቅ አፋፍ ላይ ሊማሊሞ ሎጅ ተከፈተ። አንዱ ለሌላው ተብሎ አልተደረገም፤ ሰዎቹ የተነሡት ለዋልያውና ለግጦሹ መሬት ሲባል ነው፤ መሬቱም በእርግጥ ተጎድቶ ነበር። ሎጆቹም ለአካባቢው ሰው ሥራ ሰጥተዋል። ቢሆንም ዛሬ ከአፋፉ የሚታየው ውበት ሰው የተነሣለት ውበት ነው። ሎጁ ውስጥ የሚያስተናግደው ወጣት የአካባቢው ልጅ ከሆነና የመንደሩን ነገር ቢጠየቅ የሚናገር ከሆነ፣ ጠያቂው ከነስሙ አፋፉ ላይ አለ ማለት ነው። እንግዳው ለመጠየቅ ከፈለገ። ትሑት መለኪያ ነው፤ ሌላ ግን አላገኘሁም።

ይህን መለኪያ ወደ ቻምብሊ ስመልሰው ግን የሚመታው ሌላ ሰው ነው። የዲካብ ፒችትሪ አውሮፕላን ማረፊያ እዚሁ ሠፈራችን ነው፤ የግል ጄት ከአጥሩ ማዶ ይነሣል፣ በአፓርትመንታችን ጣሪያ ላይ ያልፋል። ውስጡ ያለው ሰው ወደ የትኛው ደሴት እንደሚሄድ አናውቅም። ስለ እሱ በአንድም ቡና ላይ ተጣልተን አናውቅም፤ ወቀሳችን እዚያ አይደርስማ። የወቀስነው የምትደርሰንን ነው። ደግሞ ጥሪ ለማጥፋት ባሊ መሄድ አያስፈልግም። የማን ስልክ ይነሣ፣ የማን ይቆይ፣ የማን ጨርሶ ይታለፍ ብሎ በየሌሊቱ የሚወስነው የቢዩፎርድ ሃይዌይ ነዋሪ ሁሉ በአንድ ክፍል አፓርትመንቱ ውስጥ የራሱ አፋፍ አለው። ያለ ጠባቂ፣ ያለ ገንዳ፣ ሳይታይ።

ስለዚህ ከጋሼ ፍርድ ጋር የምለያየው እዚህ ላይ ነው። ከሠራችው ሁሉ ለነቀፋ በር የከፈተው ማሳየቷ ነው፤ ያሳየ ሰው ይጠየቃል፣ የደበቀ ሰው አይጠየቅም። ብትደብቀው ኖሮ ጨዋ እንላት ነበር፣ እሷም ከዘመድም ከእኛም ባመለጠች።

በዚህ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልረካሁም፤ በር ተከፈተ ያልኩት ለማን ነው? እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በስማቸው የተቆጣንላቸው ሰዎች እንዲህ ያለውን ፎቶ የሚያዩበት መንገድ በእነርሱ እጅ አይደለም። የነቀፍነው እኛ ነን፣ ይቅር ያልነውም እኛው። ተጎጂውን ሳይጠይቁ ስለ ተጎጂው መቆጣትም ከከፍታ ሆኖ መናገር ነው። የእሷ ዕረፍት ያስከፋው ሰው ካለ፣ ቅሬታውን በራሱ አፍ እስኪነግረን ድረስ፣ ስለ ነውር የሰጠነውን ፍርድ ቢያንስ በእንጥልጥል ብናቆየው እመርጣለሁ።