የታደሰው ማባበያ ያው ነውን?

ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ከእንጨት የተቀረጸ የዓሣ ማጥመጃ ማባበያ ቀለሙ ሲላጥና መንጠቆው ሲዝግ ባለቤቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያድሰዋል። ታድሶ ሲያልቅ ያው የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ? የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ ሳንቃዎቹ አንድ በአንድ ስለተተኩለት የአፈ ታሪኩ ጀግና የቴሴውስ መርከብ ሲጽፍ፣ ፈላስፎች በዚሁ ጥያቄ ለሁለት መከፈላቸውን ይነግረናል። እኔ ያው ነው ባይ ነኝ፤ የማባበያ ማንነቱ ያለው በአዋኛኘቱ ነውና። ፊንላንዳዊው ማባበያ ሠሪ ላውሪ ራፓላ በ1936 እ.ኤ.አ. ቡሽ በጫማ ሰፊ ቢላ ቀርጾ የቸኮሌት መጠቅለያ አለበሰው፤ በቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልምም ሸፈነው። ቁሱ እጁ የገባው ሁሉ ነበር፤ የፈለገው የቆሰለ ዓሣን መንገዳገድ ነበር። ማባበያው ሲጎተት ወደ ግራ ካደላ፣ ክሩ የሚታሰርበትን የሽቦ ቀለበት በጉጠት ወደ ቀኝ ጥቂት ማጠፍ ያቃናዋል፤ ይህ ያንኑ አዋኛኘት መመለስ ነው። በአንጻሩ ውኃ የሚቀዝፍበትን ከንፈር ዝንባሌ የለወጠ ሰው፣ ቀለሙን ባይነካ እንኳ፣ ሌላ ማባበያ ሠርቷል።

የአሮጌ ማባበያ አሰባሳቢዎች ይህን አይቀበሉም፤ የመጀመሪያው ቀለም ከተነካ ዕቃው ሞተ ይላሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ አሮጌ ቀለም ስለ ሠሪውና ስለ ዘመኑ ይመሰክራል፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ነገር ግን ምስክርነት ኋላ የተጫነበት ሥራ ነው፤ ሲቀረጽ የታሰበው ለውኃ እንጂ ለመስታወት ሣጥን አልነበረም። ስለዚህ ሊያጠምድበት የሚያድሰው ሰው ምንም አልበደለም። አድሶ ሲያበቃ ያልተነካ ጥንታዊ ነው ብሎ የሚሸጠው ግን አጭበርባሪ ነው።