ቴድ ቺያንግ እና የጻድቁ መከራ

አሜሪካዊው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ ቴድ ቺያንግ እ.ኤ.አ. በ1989 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ከተመረቀ በኋላ፣ ለብዙ ዓመታት በሶፍትዌር ኢንዱስትሪ ውስጥ የቴክኒክ ሰነዶችን በማዘጋጀት ሙያ እየኖረ፣ በቁጥር ጥቂት ነገር ግን እጅግ የተመዘኑ አጫጭር ልብ ወለዶችን ጽፏል።

ከእነዚህ አንዱ፣ በ2001 ታትሞ የሁጎንና የኔቡላን ሽልማቶች ያገኘው «ገሃነም የእግዚአብሔር አለመገኘት ነው»፣ ቴዎዲሲ የሚባለውን፣ ማለትም ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ ባለበት መከራ ለምን እንደሚኖር የሚጠይቀውን የነገረ መለኮት ክርክር ይመረምራል። በትረካው ዓለም መላእክት በይፋ ይገለጣሉ፤ መገለጣቸውም አንዱን ሲፈውስ ሌላውን ስለሚገድል፣ ሚስቱን በዚህ ያጣው ዋናው ገጸ ባሕርይ ኒል የሚቸገረው በአምላክ መኖር ሳይሆን እርሱን በመውደድ ነው። በመጨረሻም አምላክን መውደድ ይችላል፤ ቢሆንም ወደ ገሃነም ይወርዳል፣ በዚያም መውደዱን አይተውም። ደራሲው አንድ ጊዜ የተቀበለውን ሕግ ያለ ምሕረት እስከ ፍጻሜው መከተሉ የሠለጠነበትን ሙያ ያስታውሳል።

ቺያንግ ይህንኑ የጻድቅ ሰው መከራ የሚተርከውን መጽሐፈ ኢዮብን የሚነቅፈው በፍጻሜው ለኢዮብ ሀብቱ ስለተመለሰለት ነው። ነቀፋው ብርቱ ነው፤ ነገር ግን ኢዮብ ራሱን ያዋረደው ሀብቱ ከመመለሱ አስቀድሞ እንደሆነ፣ የሞቱት ልጆቹም እንዳልተመለሱና ሌሎች እንደተወለዱለት ልብ ማለት ይገባል። እውነተኛው ልዩነት ያለው ከዚህ ይልቅ ኢዮብ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ የአምላኩን ድምፅ መስማቱ፣ ኒል ግን አንዳች ቃል አለመስማቱ ላይ ነው።