ማንም ያልጠየቃት ሙሽራ

ቅዳሜ የወጣቶች ፕሮግራም ካበቃ በኋላ አንዲት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሌሎቹ እስኪወጡ ጠብቃ ወደ እኔ መጣች። “ቲቸር፣ የግሪክ አማልክት ያሉበት የፍቅር ልብ ወለድ ማንበብ ኃጢአት ነው?” አለችኝ። ከአንዋር መስጊድ የመግሪብ አዛን የሚሰማበት ሰዓት ስለ ነበር ጥያቄዋን አስደገምኳት። ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። ከቴሌግራም ያወረደችው፣ ከአራት መቶ ገጽ በላይ ያለው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነው። ዋናዎቹ ባለታሪኮች የሙታን ዓለም ንጉሥ የሆነው ሔድስና ፐርሰፎኒ የምትባል ወጣት ናቸው።

አፌ ላይ የመጣው መልስ “ተይው፣ ምን ያደርግልሻል?” የሚል ነበር። ነገር ግን እኔም በእርሷ ዕድሜ ሳለሁ የማደርገውን አልረሳሁትም። እዚሁ መርካቶ ሸራ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ሰዎች የትርጉም ልብ ወለድ እየገዛሁ፣ እናቴ እንዳታይ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ደብተሬ ሸፍኜ አነብ ነበር። ስለዚህ “ላኪልኝና እኔም ላንብበው፤ ከዚያ እንነጋገራለን” አልኳት።

በሦስት ሌሊት ጨረስኩት። እውነቱን ለመናገር፣ አንደኛውን ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት አልተኛሁም።

ለምን እንዲህ ይይዛል?

በእንዲህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ውስጥ ያለችው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ማንም ልብ የማይላት ናት። ሺህ ዘመን የኖረው፣ ምንም የማይጎድለው ንጉሥ ግን ከሁሉ መርጦ እርሷን ያያታል። ለእኛ ሰፈር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከሰባት ቤተሰብ ጋር በአንድ ክፍል የምታድር፣ ጠዋት ስትወጣ ከተሸካሚና ከጋሪ ጋር እየተጋፋች “ዞር በይ!” ስትባል የምትውል ልጅ፣ አንድ ታላቅ ሰው ቆም ብሎ ቢያያት ምን እንደሚሰማት መገመት አያዳግትም። ይህ ናፍቆት ኃጢአት ነው ብዬ ልነግራት አልችልም። እግዚአብሔር ራሱ የእርሱ የሆኑትን በስማቸው የሚጠራ አምላክ ነው፤ ኢሳይያስ 43ን አንብቡ።

የፍቅር ታሪክ መውደድም የሥራ ፈት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን ነቢይ መኮንን በእስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ግዙፍ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መልሶታል፤ በኋላም “ነገም ሌላ ቀን ነው” በሚል ርእስ ታትሟል። ሰው በጨለማ ቤትም ታሪክ ይርበዋል።

የአማልክቱ ስም መነሣቱም ብቻውን ሊያስደነግጠን አይገባም። በሐዋርያት ሥራ 14 የልስጥራ ሰዎች በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብለው ሊሠዉላቸው ሲነሡ ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀደው ከለከሏቸው። ይኸው ጳውሎስ ግን በምዕራፍ 17 በአቴና ቆሞ የግሪክ ባለቅኔዎችን ጠቅሶ ሰብኳል። ለጣዖት መስገድና የአንድን ሕዝብ ተረት ማወቅ አንድ አይደሉም። ብዙዎቻችን በናርኒያ ታሪኮቹ የምናውቀው ሲ. ኤስ. ሉዊስም በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ልብ ወለድ የኩፒድንና የሳይኪን ጥንታዊ ተረት እንደ አዲስ የሚተርክ ነው።

ስለዚህ የእኔ ጥያቄ ሌላ ሆነ። ይህ ታሪክ ፍቅር ምንድን ነው ብሎ ያስተምረናል?

ጥንታዊው ታሪክ

የታሪኩ ጥንታዊ መልክ ከ2,500 ዓመት በፊት በተደረሰ የግሪክ መዝሙር ውስጥ ይገኛል። ፐርሰፎኒ ከጓደኞቿ ጋር አበባ ስትለቅም ምድር ተከፈተች፤ ሔድስ በሠረገላ ወጥቶ እየጮኸች ይዟት ወረደ። አባቷ ዜውስ፣ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ድያ የተባለው፣ ቀድሞ ፈቅዶለታል። እርሷንም እናቷንም የጠየቀ የለም። እናቷ ዴሜቴር ችቦ ይዛ ዘጠኝ ቀን ፈለገቻት፤ ከሐዘኗም የተነሣ ምድር እህል መስጠት አቆመች። በመጨረሻ ልጅቱ እንድትመለስ ተፈቀደ። ሔድስ ግን የሮማን ፍሬ አቅምሷት ስለ ነበር በየዓመቱ ሲሶውን ጊዜ ከእርሱ ጋር እንድትኖር ተፈረደባት።

ከዛሬዎቹ ደራስያን ብዙዎቹ ይህ ነገር ይከብዳቸውና ልጅቱ ወዳ እንደ ሄደች አድርገው ይጽፉታል። እኔ ያነበብኩት ግን እንደዚያ አይደለም። ሳትፈልግ ይወስዳታል፤ ሁለት መቶ ገጽ ሳይሞላ ትወደዋለች።

ታሪኩን ለአያቴ ነገርኳት። ቡና እየቆላች ነበር። ስሞቹን ትቼ “አንድ ንጉሥ ነበረ፤ አንዲት ልጅ አበባ ስትለቅም አየና…” ብዬ ጀመርኩ። ገና ሠረገላው ጋ ስደርስ የቡና መቁያውን ከእሳቱ አወረደችና “ጠለፋት በይኛ!” አለች።

ከዚያ በፊት ነግራኝ የማታውቀውን ያን ቀን ነገረችኝ። የተጠለፈችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ውኃ ልትቀዳ ወንዝ ወርዳ ነው። እንስራዋ እዚያው ተሰበረ። ከሳምንት በኋላ ሽማግሌ ተላከ፣ ካሣ ተቆረጠ፣ ጋብቻ ተባለ። ስድስት ልጅ ወለደችለት፤ አንዷ እናቴ ናት። “በኋላስ ወደድሽው?” አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና “ለመድኩት” አለች።

ይህ የእርሷ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው “ድፍረት” የተሰኘው ፊልም በአርሲ ተጠልፋ ራሷን ለማዳን ጠላፊዋን በገደለች የ14 ዓመት ልጅ እውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው ልጅ ጠላፊዋን ለማግባት ከተስማማች ክስ እንዲቀር ያደርግ ነበር። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ግን ጠለፋን ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻ መከተሉም ከቅጣት አያድንም። በሁለቱ ሕጎች መካከል አርባ ስምንት ዓመት አለ። አገራችን በዚህ ሁሉ ዘመን ወንጀል ብላ መጥራት የተማረችውን ነገር፣ እኔ በሦስት ሌሊት ፍቅር ብዬ አንብቤው ነበር።

ኃያሉ ሲጠይቅ

መጽሐፍ ቅዱስም ጠለፋን አልሸሸገም። በመሳፍንት 21 የብንያም ልጆች በሴሎ ሊጨፍሩ የወጡትን ልጃገረዶች ነጥቀው ሚስት ያደርጋሉ። መጽሐፉ ግን የፍቅር ታሪክ አድርጎ አላስጌጠውም፤ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን ያደርግ የነበረበት ዘመን ክፋት አድርጎ አስቀመጠው።

ከዚህ ጋር ዘፍጥረት 24ን አስተያዩ። የርብቃ ቤተሰቦች ጋብቻውን ተስማምተው ሳለ እንኳ፣ የአብርሃም ሎሌ ይዟት ለመሄድ ሲቸኩል ልጅቱን ጠርተው ጠየቋት። ከሁሉ በላይ ግን ሉቃስ 1ን አንብቡ። የግሪኮቹ ዜውስ ሴት ሲያምረው በሬ ወይም ወፍ መስሎ ይነጥቃል። እዚህ ግን ሰማይንና ምድርን የፈጠረው ጌታ ለአንዲት የናዝሬት ልጅ መልእክተኛ ላከ። ፈራች፤ አረጋጋት። ጠየቀች፤ መለሰላት። መልአኩ ከእርሷ የሄደው እሺታዋን ከተናገረች በኋላ ነው። በራእይ 3 ያለውም ጌታ በደጅ ቆሞ ያንኳኳል። በሩን ለመስበር ኃይል አንሶት አይደለም።

በተከታዩ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለተማሪዋ ነገርኳት። “ግን ቲቸር፣ መጨረሻ ላይ እኮ ወደደችው” አለችኝ። የአያቴን መልስ ነገርኳት። ትንሽ ቆይታ “ስለዚህ አላንብብ?” አለች።

“አንብቢ” አልኳት። “ግን እያነበብሽ አንድ ነገር ጠይቂ፤ እምቢ ብትለው ምን ያደርጋል?” ይህ ጥያቄ ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ስልክሽን ካልፈተሽኩ የሚል፣ ከጓደኞችሽ የሚለይሽ፣ ቅናቱን የፍቅሩ ማስረጃ የሚያደርግ ልጅ ሲመጣም ይሠራል። ወንድሞቼ፣ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ። እምቢ ስትባሉ ምን ታደርጋላችሁ?

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልእክት ላከችልኝ። “ቲቸር፣ እንደገና እያነበብኩት ነው። ገጽ 137 ላይ እምቢ ብላው ነበር። ሁለታችንም አላየነውም።”

ለቡድን ውይይት፦
1. በምትወዱት የፍቅር ታሪክ ወይም ፊልም ውስጥ “እምቢ” የሚል ሰው ምን ይደርስበታል?
2. በመውደድና በመልመድ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. ኃይል ያለው ጌታ በደጅ ቆሞ ማንኳኳቱ እኛ ሌሎችን ስለምንወድበት መንገድ ምን ይነግረናል?