ስለ ደስታና ስለ ወዳጅነት ለወልድያና ለሀብሩ ልጆች

ልጆቼ ሆይ፣ በዚህ ዘመን ወጣት ሁሉ የሚሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ደስታ በገዛ ኅሊናህ ውስጥ አለችና ከማንም አትሻት ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ያለ ሰው ደስታ የለምና ወዳጅ አብዛ ይላል። ሁለቱም እውነት ሲሆኑ ለየብቻቸው ሲነገሩ ሰውን ያሳስታሉ፤ የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ በትዕቢት ተይዞ ቤቱን ዘግቶ ይቀራል፣ ሁለተኛውን ብቻ የያዘም የሰው ፊት ሲስቅለት የሚደሰት፣ ሲኮሳተርበት የሚከፋ፣ የራሱ የሆነ ዕረፍት የሌለው ይሆናል። እኔ ልነግራችሁ የምወደው አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆም ነው፤ ማስረጃዬንም የማመጣው ከመርሳ እስከ ወልድያ፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነው፣ ሁላችሁም በምትመላለሱበት መንገድ ግራና ቀኝ ካለው ኑሮ ነው።

ከሀብሩ ብዙ ወጣት በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ ባሕሩን በጀልባ ተሻግሮ፣ በየመን አልፎ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ እንደሚሄድ ለእናንተ አይነገርም፤ ወንድሙን ወይም እኅቱን በዚያ መንገድ ያልሸኘ ከመካከላችሁ ጥቂት ነውና። እንጀራ ፍለጋ የሚወጣውን አልነቅፍም፤ መሬቱ በወንድማማች እየተከፋፈለ ጠቧል፣ የቆላው ማሽላም ዝናም ከድቶት ሳያፈራ ሲደርቅ አይተናል። የምነቅፈው ደስታ ራሷ ከባሕር ማዶ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች የሚለውን አሳብ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ የሳዑዲ መንግሥት ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው ሲመልስ፣ ከዚያም ወዲህ በየጊዜው ሲመለሱ ያየኋቸውን ልጆች ሳስተውል፣ ገንዘብ ቋጥሮ የመጣውም ባዶ እጁን የመጣውም አንድ ዓይነት ብቸኝነት ይዞ መምጣቱ አስደንቆኛል፤ ያኛው ሰው ሁሉ ለገንዘቡ የሚቀርበው፣ ይኸኛው ሰው ሁሉ በውርደቱ የሚስቅበት እየመሰለው፣ ሁለቱም በር ዘግተው ይውሉ ነበር። ከእነርሱ ቶሎ የጸናው ማን እንደ ሆነ ብትጠይቁኝ፣ ስንት ይዘህ መጣህ፣ እንዴትስ ተያዝህ እያለ የሚመረምር ዘመድ የበዛለት አይደለም፤ አብሮ አደጉ በማለዳ ከደጁ ቆሞ፣ «ማሽላውን አረም ዋጠው፤ ተነሥ እንውረድ» ብሎ መኮትኮቻ ያቀበለው ነው። ቀኑን ሙሉ የሳዑዲ ነገር ሳይነሣ፣ ስለ በሬና ስለ ዝናም እየተጫወቱ ጎን ለጎን ሲኮተኩቱ ውለው፣ ወደ ማታ ያ ልጅ ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ወሬውን ጀመረ።

ይሁን እንጂ ወዳጅ የሚጠቅመው ሊቀበለው የተዘጋጀ ልብ ላለው ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ባወጡት «ወዳጄ ልቤ» በተባለው ምሳሌያዊ መጽሐፋቸው ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እንደ ወዳጅ ሲነጋገር ማሳየታቸው፣ በእኔ አስተያየት፣ ታላቅ ማስተዋል ነው፤ ከልቡ ጋር ተነጋግሮ የማያውቅ ሰው ከሌላው ጋር ሲቀመጥ የሚያወራው ሁሉ ከራሱ የሚሸሽበት ወሬ ነውና። አባቶቻችን ይህን ስላወቁ ለጽሞና ጊዜ ለይተው ነበር፤ ክርስቲያኑ ሱባኤ ይገባል፣ በየጁ በዳናና በሌሎቹ የሼሆች መንደሮች ያደገውም ኸልዋ ገብቶ ከሰው ተለይቶ ይቀመጣል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ሱባኤውም ኸልዋውም የሚያልቅበት ቀን አለው፤ የገባው ወጥቶ ወደ ጉባኤው፣ ወደ ደረሳውና ወደ ቤተ ሰቡ ይመለሳል።

መነኮሳት ሁኑ አልላችሁም። ማታ ስልካችሁን ከትራሳችሁ አርቃችሁ፣ ዛሬ የከፋኝ ስለ ምንድን ነው፣ የተመኘሁትስ በእውነት የሚያስፈልገኝን ነው ወይስ ጎረቤቴ ስላለው ነው ብላችሁ ልባችሁን መጠየቅ ለጊዜው ይበቃል። በዚህ ምርመራ የሚገኘው ፍሥሓ ከበሮ የሚያስመታ አይደለም፤ የሌላውን መኪና ሲያይ የማይረበሽ፣ የራሱን ምሳ በሰው ፊት ሲፈታ የማያፍር፣ ይበቃኛል ማለትን የለመደ ልብ ነው። ይበቃኛል ማለትም ስንፍና እንዳይመስላችሁ፤ የመርሳ ገበሬ ለብርቱካኑና ለማንጎው የውኃ ተራ ሲጠብቅ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፣ ከጎረቤቱ ማሳ ውኃ የማይሰርቀው ግን ልቡ የጠገበው ብቻ ነው።

የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ በዐሥር ክፍል ከተከፈለው የግብረ ገብ መጽሐፉ ውስጥ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ለወዳጅነት ብቻ ሰጥቶታል፤ በዚያም ያነሣው አንዱ ጥያቄ የእኛው ነው፤ በራሱ የሚበቃ ደስተኛ ሰው ወዳጅ ያስፈልገዋልን? መልሱም አዎን ነው፤ ሰው ከገዛ ሥራው ይልቅ የባልንጀራውን ሥራ አጥርቶ ማየት ይችላልና፣ የመልካም ሕይወትን ጣዕም በወዳጁ በኩል ያውቃል ሲል ነው። ወዳጅነትንም ለጥቅም፣ ለተድላና ለምግባር የሚደረግ ብሎ በሦስት ከፍሎ፣ የጥቅሙን ዝቅ አድርጎ አስቀምጦታል። እኔ በዚህ ነገር ከፈላስፋው ጋር አልስማማም፤ የወልድያን የማክሰኞ ገበያ ስላላየ ይመስለኛል። ከጉባ ላፍቶ ደጋ በግና ገብስ ይዞ የወረደው፣ ከሀብሩ ቆላ ማሽላና ፍራፍሬ ጭኖ ከወጣው ጋር በመጀመሪያ የሚተዋወቀው በዋጋ ተከራክሮ ነው፤ በሌላ ጊዜ ዝናም ይዞት ከቤቱ ያድራል፤ ሣር ባለቀበት ወራት ከብቱን እርሱ ዘንድ ያከርማል፤ ወራቱ ሲከፋ እህል ይበደረዋል፤ ዓመታት ሲያልፉ ልጅ ለልጅ ያጋባሉ። በጥቅም የተጀመረው በጊዜ ብዛት ዝምድና ሲሆን አይቻለሁና፣ ጥቅም አለበት ብላችሁ ማንንም አትናቁ፤ የምትመረምሩት ጥቅሙ የቀረ ዕለት ሰውየው አብሮ ይቀር እንደ ሆነ ነው። መጽሐፈ ሲራክም ወዳጅን ፈትኖ መያዝ እንደሚገባ ሲያስተምር የሚያስጠነቅቀን ከዚሁ ከማዕድ ወዳጅ ነው።

ደግሞም በአገራችን ወዳጅነት የልብ ስሜት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሥርዐት ተበጅቶለታል። በሌላው አገር እድር በሚባለው በቅሬያችን፣ ክርስቲያን ሲሞት ሙስሊሙ መቃብር ይቆፍራል፣ አስከሬኑን እስከ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያደርሳል፤ ሙስሊም ሲሞት ክርስቲያኑ ቃሬዛውን እየተቀባበለ ይሸኛል። ቡናው ሲቀርብ ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ዱአ ያደርጋል፣ የተቀመጠውም ሁሉ፣ ማተብ ያሰረው ጭምር፣ አሚን ይላል፤ አቦሉና ቶናው አልፎ በረካው ሳይጠጣ መነሣት ነውር ነው። ሦስተኛው ስኒ ቀጭን ስለ ሆነ ለጣዕሙ ብሎ የሚቆይለት የለም፤ ሰው የሚቆየው ለሰው ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ውስጥ በነበሩባቸው ወራት፣ ባንክ ተዘግቶ፣ መብራትና ስልክ ተቋርጦ፣ ባለ ገንዘቡ ገንዘቡን ማውጣት አቅቶት ከድኻው እኩል በሆነበት ጊዜ፣ ማን ለማን ዱቄት እንዳካፈለ እናንተው ታውቃላችሁ።

በአሜሪካ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ በእንግሊዝ አገር በስደት ባረፉበት በዚያው በፈረንጆች 1938 ዓመት አንድ ጥናት ጀምረው፣ በጠቅላላው 724 ወንዶችን ከወጣትነት እስከ እርጅና ሲከታተሉ፣ በ80 ዓመታቸው በጤና የተገኙት በ50 ዓመታቸው ከቅርብ ሰዎቻቸው ጋር በነበራቸው ግንኙነት የረኩት መሆናቸውን አገኙ፤ ይህም ከደማቸው የስብ መጠን ይልቅ የወደፊቱን የሚያመለክት ሆኖ ታየ። ለቅሬ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም፤ ነገር ግን ሊቃውንቱ አጥብቀው የተናገሩት ስለ ወዳጅ ብዛት ሳይሆን ስለ ወዳጅ መታመን መሆኑን በስልካችሁ ውስጥ ሺህ ስም የምትቆጥሩ አስተውሉት።

ወዳጅነትን ስለ መጠበቅ ጥቂት ልጨምር። የኢዮብ ሦስቱ ወዳጆች መከራውን ሰምተው በመጡ ጊዜ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ተቀመጡ፤ ወዳጅነታቸው የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው ምክንያት ሊያስረዱት በጀመሩ ጊዜ ነው። ስለዚህ ኀዘን ወደ ገባበት ቤት ስትሄዱ፣ እግዜር ያጥናህ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ ካላችሁ በኋላ ዝም ማለትን አትፍሩ። ቅናት ግን ከኀዘን ይልቅ ወዳጅን ይፈትናል፤ በባልንጀራችን መከራ ማልቀስ ለብዙዎቻችን ቀላል ሲሆን፣ እርሱ ሥራ ያገኘ ዕለት፣ ቤት የሠራ ዕለት ደስ መሰኘት ያቅተናል፤ በዚያ ዕለት ልባችሁ ቅር ካለው ጥፋቱን በእርሱ ላይ አትፈልጉ፤ ማታ ከልባችሁ ጋር ስትቀመጡ ጠይቁት። ለወዳጅ ገንዘብ ስታበድሩም ባይመለስ የማይጎዳችሁን ያህል አበድሩ፤ ከዚያ በላይ ከጠየቀ የለኝም ማለት ከሚመጣው ቂም ይሻላል። ስትጣሉ ደግሞ ሽማግሌ እስኪገባ አትጠብቁ፤ ሰላምታው ሳይቋረጥ የተነገረ ቅሬታ ቶሎ ይሽራል።

አንድ ነገር ግን በእናንተ ላይ ብቻ የምጥለው አይደለም። ቅሬ በጎጆ የሚቆጠር በመሆኑ ትዳር ያልያዘ ወጣት በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ የራሱ ቦታ የለውም፤ ጫት ቤት ዋለ ብለን የምንወቅሰው እኛ ሽማግሎች የሚቀመጥበት ሌላ ስፍራ አላሰናዳንለትም። የቅሬ ዳኞች ይህን እስኪያስቡበት ድረስ እናንተ አትጠብቁ፤ አምስትም ስድስትም ሆናችሁ በየሳምንቱ በተራ ቡና አፍሉ፤ ማፍላቱን ለሴቶቹ ብቻ አትተዉት፣ ወንዱም ይቁላ፣ ይውቀጥ። ከሳዑዲ ተመልሶ በር የዘጋውን፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ በጃራ መጠለያ የተቀመጠውን፣ ፈተና ወድቆ ከሰው የሸሸውን ጥሩት፤ ቢቀር በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ጥሩት። ስኒው የማይዳረስ ከሆነም ከጎረቤት ተዋሱ።