ከፊልሙ በፊት ጥያቄው

ልጄ፣ የሕክምና ትምህርትሽን የክሊኒክ አንደኛ ዓመት፣ ሲ-ዋንን፣ ጨርሰሽ ወደ ሲ-ቱ ልትሻገሪ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። ሬዲዮሎጂ እንዳማረሽም ሰማሁ። ምክንያትሽን ስጠይቃት ግን «ዱቲው ቀለል ይላል፣ ከበሽተኛና ከአስታማሚ ጋር መነታረክ የለም» ማለትሽን አልደበቀችኝም። አብሽሪ፣ ልቆጣሽ አይደለም። እንዲህ ብለው የገቡ ብዙ አይቻለሁ። የቆዩት ግን ሌላ ምክንያት ያገኙት ናቸው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መኪና የተገለበጠበት ሰው ሲቲ ስካን ተነስቶ፣ ሰርጂኑ በር ላይ ቆሞ «ልክፈተው ወይስ ልጠብቅ?» ሲልሽ የተባለውን ቅለት ትፈልጊዋለሽ፣ አታገኚውም።

የራጅ ሐኪም እንጀራው ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ መስጠት ነው። ስለዚህ ሙያውን መቅመስ ከፈለግሽ ከፊልሙ ሳይሆን ከሪኩዌስቱ ወረቀት ጀምሪ። አታችመንት በወጣሽበት ዋርድ ሁሉ ሪኩዌስቱን እኔ ልጻፍ በይ። «ደረት ራጅ» ብቻ ብለሽ አትላኪ፤ ሁለት ወር ያሳለው ነው? ደም ተፍቷል? ስኳር አለበት? በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስዷል? ይህን የጻፈ ሰው ግማሹን ንባብ ጨርሶ ነው የሚልከው። ባዶ ወረቀት ሲመጣ ደግሞ መልሱም ባዶ ይሆናል፤ ከሥሩ «ክሊኒካሊ ኮሪሌት»፣ ማለትም ከበሽተኛው ምልክት ጋር አስተያዩት፣ ተብሎ ይፈረምበታል። ያቺን ሐረግ አልወዳትም። አንዳንዴ ታስፈልጋለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን መደበቂያ ናት።

ይህን ለምን አጥብቄ እንደምነግርሽ እንዲገባሽ አገራችንን አስቢ። ከኩታበር ደሴ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእኛ ቅርብ ይባላል። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል የሚመጣው ገበሬ ግን እህል ወይም በግ ሸጦ፣ ልጁን አስከትሎ፣ ማደሪያ ፈልጎ ነው ደሴ መጥቶ ማሽኑ ፊት የሚቆመው። አልትራሳውንድ የሚበቃው ሰው ሲቲ ቢታዘዝለት፣ ወይም ሪፖርቱ ለላከው ሐኪም ምንም የማይናገር ቢሆን፣ ያ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ሪፖርት ስትጽፊ መጨረሻው ላይ «ቀጥሎ ምን ይደረግ» የሚል አንድ መስመር ይኑርበት። ጤና ጣቢያ ያለው ባለሙያ የሚያነባት እሷን ነው።

ስለ እርግዝና አልትራሳውንድ ልንገርሽ፤ ኢንተርን ስትሆኚ መጀመሪያ እጅሽ የሚገባው ፕሮብ እሱ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ነፍሰ ጡር ሁሉ ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። ለምን «በፊት» አለ? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ጽንሱን ከራሱ እስከ መቀመጫው ለክተሽ የምታገኚው ዕድሜ የሚስተው በጥቂት ቀናት ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ግን ሕፃናት በመጠን ይለያያሉ፤ ያኔ የሚወሰደው ልኬት እስከ ሦስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። እኛ አገር ደግሞ ብዙዋ እናት የምትመጣው በመጨረሻው ነው። የወር አበባዋን ስትጠይቂያት ካላንደር አትገልጥም። አንዷ «ጥር ጊዮርጊስ ባለፈ በሦስተኛው ቀን» ትልሻለች፣ ሌላዋ «ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው» ትላለች። አንዳንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ ፈገግ ብሎ «አታስታውስም» ብሎ ይጽፋል! አስታውሳ ነግራሃለች እኮ። ጥር ጊዮርጊስ የሚውልበት ቀን የታወቀ ነው፤ ረመዳን የገባበትን ቀን ማንም ይነግርሻል። ዘጠነኛ ወር ላይ ከተነሳ አልትራሳውንድ ይልቅ የእሷ ስሌት ሊበልጥ ይችላል። ማሽኑ ያወጣውን ቀን ብቻ አምነሽ ብትወስኚ ጊዜው ያልደረሰውን ልታስወልጂ፣ ያለፈበትን ልታቆዪ ትችያለሽ። የማሽኑን ስህተት መጠን የሚያውቅ ሰው ነው የራጅ ሐኪም የሚሆነው።

አሁን ወደ ደረት ራጅ። አንድ ደብተር ግዢ። የማንንም ሪፖርት ሳታዪ ፊልሙን ራስሽ አንብቢና ጻፊ፣ ከዚያ ሲኒየሩ ከጻፈው ጋር አስተያዪ። የበሽተኛ ስም ደብተሩ ላይ አይግባ። ፊልም በስልክ አንስቶ ከነስሙ ቴሌግራም ላይ መለጠፍ ተለምዷል፤ አንቺ አትልመጂው። ስታነቢ መጀመሪያ ፊልሙ ራሱ መታመኑን እዪ። በሽተኛው በደንብ ትንፋሽ ስቧል? ከኋላ ዘጠኝ ወይም አሥር የጎድን አጥንት ካልቆጠርሽ አልሳበም፤ ያኔ ጤነኛ ልብ ትልቅ ይመስላል። ተኝቶ ከፊት ወደ ኋላ የተነሳም እንደዚሁ ልብን ያገዝፋል። ከዚያ የሚደበቁባቸውን ቦታዎች ፈትሺ፤ የሳንባ ጫፎችን፣ ከልብ ጀርባ፣ ከድያፍራም በታች፣ አጥንቶቹን። ቲቢ ጫፉ ላይ ከአንገት አጥንት ሥር መደበቅ ይወዳል። አንድ ነገር ስታገኚ ደግሞ አትቁሚ። ሁለተኛው በሽታ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው የመጀመሪያው ሲገኝ ዓይን ስለሚረካ ነው።

ይህን ለመልመድ ሩቅ መሄድ የለብሽም። ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌና የቲቢ ሕሙማን ለረዥም ዘመን የታከሙበት ነው። ፈቃድ ጠይቀሽ ፊልም ከሚያነሱት ባለሙያዎች ጎን ቁሚ። እነሱን የምትንቂ ከሆነ ሙያው ይቅርብሽ። አንድ የደነገጠ ሽማግሌ ደረቱን ሰሌዳው ላይ አስደግፎ ትንፋሹን እንዲይዝ ማድረግ ጥበብ ነው፤ ከእሱ ውጭ የሚነበብ ፊልም የለም።

እናትሽ የፈራችው ጨረራውን ነው፤ «መሀን ያደርጋታል» ብለዋታል። አንድ ደረት ራጅ ለበሽተኛው የሚሰጠው መጠን ሁላችንም ከምድርና ከሰማይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምንቀበለው አይበልጥም። ሲቲ ብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ያለ ምክንያት የማይታዘዘውም ለዚህ ነው። አልትራሳውንድና ኤም አር አይ ኤክስሬይ የላቸውም። ሠራተኛ በዓለም አቀፉ ልክ በአማካይ በዓመት ከ20 ሚሊሲቨርት ማለፍ የለበትም፤ ያረገዘች ከሆነ ማርገዟን ካሳወቀች ጀምሮ ለጽንሱ ከ1 አይለፍ ይላል። ከጨረራው ምንጭ ያለሽን ርቀት እጥፍ ብታደርጊ የሚደርስብሽ ወደ ሩብ ይወርዳል። መለኪያ ባጅሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ እንጂ መሳቢያ ውስጥ አታስቀምጪ። ይህን ለእናትሽ አንብቢላት።

ፊዚክሱንም አትዝለይ። ለሲቲ ስካን በ1979 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሁለት ሰዎች አንዱ አላን ኮርማክ ሐሳቡ የመጣለት ኬፕ ታውን ሆስፒታል ውስጥ በፊዚክስ ባለሙያነት ሲሠራ ነው።

«ኮምፒዩተር ይተካችኋል» የሚሉሽም አሉ። ጄፍሪ ሂንተን የተባለው ሊቅ በ2016 እ.ኤ.አ. የራጅ ሐኪም ማሠልጠን ከአሁን ይቁም ብሎ ነበር። እሱ በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለመ፤ የራጅ ሐኪም እጥረቱ ግን አውሮፓም አሜሪካም እንዳለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የደረት ራጅን ለቲቢ ልየታ በኮምፒዩተር ማስነበብን ተቀብሏል፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ አንባቢ ለሌለበት ወረዳ ትልቅ ነገር ነው። ግን ያቺን የረመዳን ሳምንት የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል፤ በአልትራሳውንድ እየተመራ በመርፌ የጉበት መግል የሚቀዳም ያስፈልጋል። ማሽን ደግሞ ሊጠፋ ይችላል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴን ሲያዳርስ የሆስፒታል ዕቃ ተዘረፈ፣ ተሰበረ። ሆድ በእጅ መመርመርን የራጅ ሐኪም ሆኜ እተወዋለሁ አትበይ።

ስትመረቂ ወዲያው ካልገባሁ ብለሽ አትጨነቂ። ጠቅላላ ሐኪም ሆነሽ ገጠር ብትቆዪ ፊልም የምታነቢበት ዓይን ይለወጣል። የሬዚደንሲው ውድድርና ምደባ በጤና ሚኒስቴር በኩል አገር አቀፍ ነው። ጥቁር አንበሳም ይድረስሽ ጳውሎስ፣ ጎንደርም ይሁን ጅማ፣ ምርጫሽን ከመሙላትሽ በፊት እዚያ ያሉትን ሬዚደንቶች ደውለሽ ጠይቂ። ስለ ከተማው አትጠይቂያቸው። ሲቲው ሲበላሽ ስንት ጊዜ ይቆማል? ሌሊት የጻፍሽውን ጠዋት አብሮሽ ተቀምጦ የሚያርም ሲኒየር አለ? ፕሮቡን የሚይዘው ማን ነው፣ ሬዚደንቱ ወይስ ሬዚደንቱ ቆሞ ነው የሚያየው? ለሁለተኛው ጥያቄ «የለም» ካሉሽ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል አዲስ ቢሆን ሌላውን አስቀድሚ።