ያወቀ ካላወቀ ሲገዛ

ዕውቀት ያለው ሰው ዕውቀት ከሌለው ሰው ላይ ዕቃ ሲገዛ የሚያውቀውን የመናገር ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ለክርክር ክበብ የተዘጋጀ ይመስላል። እኛን ግን የገጠመን በሳንቲም ምክንያት ነው። ከመካከላችን አሮጌ ሳንቲምና ጥሬ ብር የሚሰበስቡ፣ ገዝተው የሚሸጡና የሚለዋወጡ ተማሪዎች አሉ። ቅዳሜ ሲደርስ ሌላው ልብሱን ሲያጥብ ወይም ኳስ ሲያይ፣ እነሱ አጉሊ መነጽርና ትንሽ ሚዛን በኪሳቸው ከተው ይወጣሉ። ማታ ዶርም ሲመለሱ ያገኙትን አልጋ ላይ ዘርግተው ያሳዩናል፤ እኛም ከበን እናያለን፣ እንቀልዳለን፣ አንዳንዴም እንጨቃጨቃለን። ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ጭቅጭቅ ነው።

የሰብሳቢ ቅዳሜ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንንገረው። ጠዋት መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነው። እዚያ ከዛገ ቁልፍና ከተሰበረ ሬዲዮ ጋር የተቀመጠ የሳንቲም ጣሳ አይጠፋም። አብዛኛው ተራ ነገር ነው፤ ሆኖም ጣሳውን እስከ ታች የሚበረብር ሰው አንዳንዴ ይቀናዋል። ቀጥሎ ቸርችል ጎዳና ለቱሪስት ዕቃ ወደሚሸጡት ሱቆች ጎራ ይላል፤ እዚያ ባለሱቁ ራሱ ዐዋቂ ስለሆነ በርካሽ የሚገኝ ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ሰብሳቢዎች አንድ ሻይ ቤት ይገናኛሉ፤ ለአንዱ የተረፈው ለሌላው የጎደለው ነውና ይለዋወጣሉ። በመጨረሻም «እገሌ የድሮ ብር ይገዛል» የሚለው ወሬ በየሰፈሩ ስለተሰማ፣ ያላቸው ሰዎች ቤታቸው ያስጠሩታል።

ይህ ሁሉ ውሎ የሚያርፈው በዕውቀት ላይ ነው። ጠገራ ብርን እንውሰድ። አያቶቻችን ማርትሬዛ የሚሉት ይህ ብር ላዩ ላይ 1780 ይላል፤ ማሪያ ቴሬዛ በአውሮፓ አቆጣጠር የሞተችበት ዓመት ነው። ነገር ግን ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ብሩ ዓመቱ ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል፤ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይም ጭምር። ሙሶሊኒ አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ በ1935 እ.ኤ.አ. የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ አግኝቶ ሮም ውስጥ አስመትቶታል። ስለዚህ «ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ነው» እየተባለ ለቱሪስት የሚሸጠው ብር የወረራው ዘመን ልጅ ሊሆን ይችላል።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞችም ጠባያቸው ይኸው ነው። 1936 ዓ.ም. ይላሉ፤ ግን ዓመቱ ሳይለወጥ ለብዙ ጊዜ ተመትተዋል። ከእነሱ መካከል የመዳብ ባለ 25ቱ ሳንቲም መጀመሪያ ድፍን ክብ ነበር። መጠኑ ከብር ከተሠራው ባለ 50 ሳንቲም ጋር ስለሚመሳሰል አጭበርባሪዎች ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ስም ያሳልፉት ጀመር፤ በዚህም የተነሣ ጠርዙ ገባ ወጣ እንዲል ተደረገ። ዛሬ ክቡን ያገኘ ሰብሳቢ ደስ ይለዋል፤ የማያውቅ ሰው ግን ሁለቱንም አንድ ጣሳ ውስጥ ይጥላቸዋል።

የዳግማዊ ምኒልክ ብርም አለ። መጀመሪያ ፓሪስ ተመትቶ የመጣው 1887 ዓ.ም. የሚል ጽሕፈት አለበት። ማርትሬዛን እንዲተካ ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን ጠገራ በቀላሉ አልተወም። በሚዛን ላይ ሁለቱ ወንድማማች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ወደ 28 ግራም ይመዝናሉ። በሰብሳቢ ዘንድ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ፊቱ ያልተፋቀ የምኒልክ ብር ከተራ ማርትሬዛ እጅግ የበለጠ ያወጣል። ሚዛን የማይናገረውን ነገር የሚናገር ዕውቀት ማለት ይህ ነው።

እንግዲህ ምናለሽ ተራ ላይ፣ በሱቁና በሻይ ቤቱ ውስጥ ለኅሊና የሚከብድ ነገር አላየንም። ነጋዴው ዋጋ ቆልሎ ይጀምራል፤ ተማሪው አውርዶ ይጠራል፤ አንዱ ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላው መልሶ ይጠራዋል። ሁለቱም ለዚሁ የወጡ ናቸው። የሻይ ቤቱ ሰብሳቢ የምኒልክ አንበሳ የቱን የፊት እግሩን እንዳነሣ ሳያይ ቢለውጥ ማንን ይወቅሳል? በሚቀጥለው ቅዳሜ ብድሩን ይመልሳል እንጂ።

ጭቅጭቁ የመጣው ከመጨረሻው ቤት ነው። እስቲ እንዲህ ብለን እናስበው። አንዲት አሮጊት በጨርቅ ቋጥረው ከሣጥን ሥር ያኖሩትን ሰባት ጥሬ ብር ያወጣሉ፤ የእናታቸው ነው። ስድስቱ ማርትሬዛ፣ ሰባተኛው የምኒልክ፣ እሱም እጅ ያልበዛበት። የሚሸጡት ቢቸግራቸው ነው፤ የሐኪም ቤት ዕዳ አለባቸው። «ልጄ፣ መቼም አንተ የተማርህ ነህ፤ ስንት ያወጣል?» ይሉታል። ተማሪው ሚዛኑን አውጥቶ ይመዝናል፤ «እማማ፣ በግራም ይሄን ያህል እሰጥዎታለሁ» ይላል። ሚዛኑ አልተነካካም፤ ሒሳቡ ልክ ነው፤ አንዲት የሐሰት ቃል ከአፉ አልወጣችም። ሰባቱንም በአንድ ዋጋ ገዝቶ፣ እንበል፣ ሰባተኛውን ብቻ ሸጦ የሰባቱን ዋጋ ይመልሳል፤ ስድስቱ በነፃ ይቀሩለታል። እሳቸውም «እግዚአብሔር ያሳድግህ» ብለው መርቀው ይሸኙታል።

ክርክራችን እንግዲህ ያ ምርቃት ይገባዋል አይገባውም ነው።

ገዢውን የሚደግፉት ጓደኞቻችን የሚሉት ቀላል አይደለምና ሳናጣምም እናቅርበው። አንደኛ፦ «ዕውቀቴን በነፃ አላገኘሁትም። ምሳዬን እየዘለልሁ መጽሐፍ ገዝቻለሁ፤ ሐሰተኛ ብር ሸጠውልኝ ከስሬአለሁ፤ ያኔ ማን አዘነልኝ?» ሁለተኛ፦ «ማንም አላስገደዳቸውም። ዋጋውን ሰምተው እሺ አሉ፤ አለቀ።» ሦስተኛ፦ «እኔ ባልገዛው አንጥረኛው ገዝቶ ያቀልጠዋል። የምኒልክ ብር የጆሮ ጉትቻ ሆኖ ከሚቀር እኔ እጅ ቢገባ አይሻልም?» ይህ የመጨረሻው ቃል እውነት አለበት፤ በአገራችን ስንቱ ጠገራ ብር ቀልጦ መስቀልና ጌጥ እንደሆነ የማያውቅ የለም።

ጥያቄው ራሱ አሮጌ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ በሦስተኛው ክፍል አንስቶታል። ሮድስ በምትባል ደሴት ረኃብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ቀድሞ ይደርሳል፤ ሌሎች እህል የጫኑ መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በዐይኑ አይቷል። ይንገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያሟግታል። የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ ሻጭ ሕግ የሚያዘውን የዕቃ ጉድለት ከተናገረና ካላታለለ ይበቃዋል፣ አለመናገር ከመደበቅ ይለያል ባይ ነው። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፣ ሰው ለሰው የተፈጠረ ስለሆነ ያንዱ ጥቅምና የሁሉ ጥቅም ሊለያይ አይገባም ይላል። ሲሴሮ ከአንቲጳጥሮስ ጋር ቆመ። ዝም ያለ ሁሉ ደበቀ አይባልም፤ አንተ የምታውቀውን ሌላው ቢያውቀው እንደሚጠቅመው እየተረዳህ፣ ለራስህ ትርፍ ስትል እንዳያውቅ መፈለግ ግን መደበቅ ነው፤ የፍርዱ መሠረት ይኸው ነው።

ልብ በሉ፤ የሮድስ ነጋዴ ሻጭ ነበር፣ የኛ ተማሪ ገዢ ነው። የሮድስ ሰዎች ነገ መርከቦቹ ሲመጡ እውነቱን ያዩታል። እማማ ግን መቼም አያውቁትም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ቢባልም፣ ለእሳቸው የሚጠራበት ቀን የለም።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንም ሕግ ነገሩን አይቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1710 ሁለት ነገር ይላል። አንድ ውል ለአንዱ ወገን አብልጦ ስለጠቀመ ብቻ አይፈርስም። ነገር ግን የተጎዳው ሰው እሺ ያለው ችግሩን፣ የዋህነቱን፣ እርጅናውን ወይም በግልጽ የሚታይ የንግድ ልምድ ማጣቱን መሣሪያ ተደርጎበት ከሆነ፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ውሉ ሊፈርስ ይችላል። የመጀመሪያው ቃል ለሻይ ቤቱ፣ ሁለተኛው ለእማማ ቤት የተጻፈ ይመስላል። መቼም ስለ አንድ የምኒልክ ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፤ ግን ለኅሊና መንገድ ይጠቁማል።

በበኩላችን ለሦስቱ መከራከሪያዎች የምንሰጠው መልስ ይህ ነው። ዕውቀት ደመወዝ ይገባዋል፤ ይህን አንክድም። ሐኪምም ብዙ ዓመት ተምሯል፤ የሚወስደው ግን የምርመራ ዋጋውን እንጂ የበሽተኛውን ቤት አይደለም። ያላወቀ ሰው የሚያጣው ሁሉ ያወቀው ሰው ደመወዝ ነው ከተባለ፣ ዕውቀት የሚከበረው ሌላው ሰው እስካላወቀ ድረስ ብቻ ሊሆን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ዕውቀት ከምንለው ወጥመድ ብንለው ይቀላል።

«እሺ ብለዋል» ለሚለውም፣ በምኑ ነው እሺ ያሉት? በሰባት ቁራጭ ብር ዋጋ ነው። የምኒልክን ብር መሸጣቸውን አላወቁም፤ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዴት ይስማማበታል? ከዚያ በላይ ደግሞ ጠይቀውታል እኮ! «አንተ የተማርህ ነህ» ሲሉት ከገዢነት ወደ አማካሪነት ወስደውታል። በሻይ ቤቱ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዝምታ መልስ የሚሆነው ጥያቄ ሲቀድመው ነው፤ የሱም ዝምታ «ሰባቱም አንድ ናቸው» የሚል መልስ ሆነ፤ ይህም ሐሰት ነው።

ቅርስ ማዳን የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ይማርካል፤ ነገር ግን ራሱን ያፈርሳል። ቅርሱን የሚያድነው ምስጢሩ ሳይሆን ወሬው ነው። የብሩን ዋጋ ያወቀ ሰው ለማቅለጫ አይሰጥም። እማማ ቢነገራቸው ለጎረቤታቸው ይናገራሉ፤ ጎረቤቷም ሣጥኗን ትፈትሻለች። ከመሬት ስለሚገኘው የአክሱም ሳንቲም ከሆነማ ክርክሩ ከናካቴው አይነሣም፤ በዝናብ ታጥቦ እርሻ ላይ የተገኘ ሳንቲም እንዲነገር ሕግ ያዛል፤ በዝምታ የገዛው ሰው ገበሬውን ብቻ ሳይሆን አገሩንም ዘርፏል።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? መልሱ ከባድ አይደለም፤ ውድ ነው እንጂ። ሰባተኛውን ለይቶ «እማማ፣ ይቺ ከሌሎቹ ትለያለች» ማለት። ሱቅ ቢወስዱት በግምት ስንት እንደሚያገኝ መንገር። ከዚያ ላይ የራሱን ድካም በግልጽ ቀንሶ ዋጋውን መጥራት። ገንዘብ ካጠረው ስድስቱን ገዝቶ ሰባተኛውን መተው፣ ወይም ሸጦላቸው ድርሻውን መቀበል። እማማ ይህን ሰምተው ለሌላ ሊሸጡት ይችላሉ፤ ያን ብር ዕድሜ ልኩን ላያገኘው ይችላል። ይህን ኪሳራ አቅልለን አናየውም። ሰብሳቢ ምን ያህል እንደሚንገበገብ አልጋው ዳር ተቀምጠን አይተናል።

በማርትሬዛ ጠርዝ ላይ የንግሥቲቱ መፈክር በላቲን ተቀርጿል፤ ትርጉሙ «በፍትሕና በርኅራኄ» ነው። ጓደኞቻችን «እማማን መንገር ርኅራኄ ነው፤ ርኅራኄ ደግሞ አይገደድም» ይላሉ። እኛ እዚህ ላይ አንስማማም። መንገር ፍትሕ ነው። ድካሙን ሳይቀንስ ሙሉውን ዋጋ ቢሰጣቸው እሱ ርኅራኄ ይሆናል፤ ያን ግን ማንም አልጠየቀውም። ሁለቱን ቃላት ካደባለቅናቸው ግዴታችንን ሁሉ ምጽዋት ብለን እንጠራውና በሰጠን ቁጥር ምስጋና እንጠብቃለን።

ነገሩን ያነሣነው ስለ ሳንቲም ብቻ ብለን አይደለም። ነገ ተመርቀን ስንወጣ አንዳችን ሐኪም፣ አንዳችን ጠበቃ፣ አንዳችን የእርሻ ባለሙያ፣ አንዳችን መሬት ቀያሽ እንሆናለን። በፊታችን የሚቆመው ሰው ዋጋውን የማያውቀውን ነገር በጨርቅ ቋጥሮ ይዞ ይመጣል፤ የይዞታ ወረቀት ይሆናል፣ የደም ምርመራ ውጤት ይሆናል፣ የውርስ ክርክር ይሆናል። እሱም «መቼም አንተ የተማርህ ነህ» ይለናል። ያን ቀን ላለመዋሸት ብቻ የተጠነቀቀ ሰው ብዙ ሊዘርፍ ይችላል።

የአክሱም ነገሥታት በአራተኛው ምዕተ ዓመት ካስመቷቸው የነሐስ ሳንቲሞች አንዳንዶቹ ላይ በግሪክኛ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ቃል አለ። ገንዘብ የሚያስመታ ንጉሥ ገንዘቡ የሚገባበትን እጅ አስቦ መመኘቱ ይገርመናል። እኛም ለሰብሳቢ ጓደኞቻችን የምንመኘው ይህንኑ ነው፤ የገዙትን ብር እንደገና ለሻጩ አሳይተው፣ ምን እንደሆነና ስንት እንዳወጣ ሳያፍሩ መናገር ይቻላቸው። ይህን የማይቀበል ካለ ብዕሩን ያንሣ፤ ገጹ ክፍት ነው።